የየኔታ በቅሎና የላይኛው መንገድ

አርብ ገበያ በምትባል ከተማ በእንስሳት ሕክምና ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቀረበልኝ የመጀመሪያ ታካሚ ከገደል ወድቆ የሰነበተ አህያ ነበር። ቁስሉ ጠግጓል። ባለቤቱ ግን «ደጁ ላይ አቁሜው ቤቱን አያውቀውም» አለ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አህያውን ስንለቀው ወደ ግራ ብቻ ይዞር ጀመር፤ ፈገግታዬን ዋጥኩት።

አለቃዬ የነበሩት ዶክተር የአህያውን ጭንቅላት ዳሰሱና «ውስጡ አብጦ ነበር፤ ያመጡት ዘግይተው ነው» አሉኝ። «እብጠት የሚቀንሰው መርፌ የጠፋውን አይመልስም። ቶሎ ከደረሰ ግን የቀረውን ሊያተርፍ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።»

ከዓመታት በኋላ ቤተ ልሔም ከምትባል የገጠር ደብር ስልክ ተደወለልኝ። ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ በቅሎ ለግጦሽ እንደወጣች አዳልጧት ግንባሯን ድንጋይ መትቷታል። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። ልጓሙን ለቀቅ ያደርጉላታል፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው እሷ ናት። የታችኛውን መንገድ ባለፈው ክረምት ናዳ ስለቆረጠው የላይኛውን ገና መልመዷ ነበር። አዲሱን ረስታ በአሮጌው ከሄደች ይዛቸው ገደል ትገባለች።

በሞተር ብስክሌት ደረስኩ። በቅሎዋ ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ፈዟል። ደረቷን በሜትር ለክቼ ክብደቷን ገመትኩና በዚያው ልክ እብጠት የሚቀንሰውን መድኃኒት በአንገቷ ደም ሥር ሰጠኋት።

«ልጄ፣ ብታነክስም ግድ የለኝ፤ ልቧን አድንልኝ» አሉኝ የኔታ። «እኔ የምታወረው እሷ መንገዱን የረሳች ዕለት ነው።»

ከቀናት በኋላ ስትጠነክር ያለ ኮርቻ ለቀቅናት። የኔታ ክንዴን ይዘው ከኋላዋ ተከተሉ። መንገዱ ከሚከፈልበት ስትደርስ ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ታችኛው አዞረች፤ አንድ እግሯንም አነሳች። ልይዛት ስል የኔታ ክንዴን ጨበጡት።

«ተዋት። ትጠይቅ እንጂ፣ ራሷን ትጠይቅ።»

ጆሮዋን አቆመች፣ ዞረች፣ ወደ ላይ ወጣች። የላይኛው መንገድ ጠጠር ከኮቴዋ ሥር ሲንኮሻኮሽ የኔታ ሰሙና «የላዩ ነው» አሉ። አማተቡ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያን መድኃኒት ስንት ጊዜ ቀድቼዋለሁ፤ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። በቅሎ የተማረችውን መንገድ ጠብቆ ያቆያል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ገረመኝ፣ ፈራሁም።

«መርፌው ነው?» አሉኝ የኔታ።

«አላውቅም የኔታ። ለማነጻጸር እንደሷ ወድቃ ያልተወጋች ሌላ በቅሎ አጠገቧ አልነበረችም» አልኳቸው።

«እንግዲያስ መርፌውንም ፈጣሪንም እናመስግን» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለወጣት ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው፦ ራሱን የተመታ እንስሳ ቆሞ ስለጋጠ ደህና ነው አትበሉ። ከእብጠቱ ቀድማችሁ ድረሱ። ሰው ከመጫኑ በፊትም ባዶውን ልቀቁት፣ መንገዱንም ራሱ ይምረጥ።