የጌም ቤቱ ፍሬን

አብዱልሐኪም ከሞጣ ቢቸና ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው አልገጨም። አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ መግቢያ ላይ በግ ገጭቶ፣ ከመኪናው ወርዶ ከባለበጉ ጋር አብሮ ማልቀሱን እያነሱ እስከ ዛሬ የሚተርቡት አሉ።

አምና ክረምት ወገቡን አመመው። "ዲስክ ነው" ተባለ። ሕመሙ ለቀቀው፤ ቀኝ እግሩን ግን ከቁርጭምጭሚቱ በታች አደንዝዞት ሄደ። ይራመዳል፤ መሬት መርገጡን ግን አያውቅም። ሐኪሙ "ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለው።

የመኪናው ባለቤት ሐጂ ከሊፋ የሞጣ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ስለሆኑ ሌላ ሹፌር ከመቅጠራቸው በፊት ቀን ሰጡት።

"ከአረፋ ማግስት ቢቸና እመጣለሁ" አሉት። "እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ አንተ እስከ ደብረ ወርቅ ትነዳለህ። ቁም ባልኩህ ቦታ ካቆምክ መኪናው እንደ ድሮው በእጅህ ነው። ካልሆነ ግን ልጄ፣ ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

አረፋ ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። በደነዘዘ እግር የሰው መኪና አስነስቶ መንገድ መውጣት ደግሞ ለእሱ ኃጢአት ነው። ሰው በማይጎዳበት ቦታ እግሩን ሊያለማምድ ጸደንያ ጌም ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢቸና ያለው የጸደንያ ጌም ቤት ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አራት ቴሌቪዥን አላት። በሦስቱ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ። በአራተኛው ላይ ወንድሟ ከአረብ አገር የላከላት መሪና ፔዳል ተገጥሟል። ከመሪው ጋር የሚሠራው ጨዋታ ግን አንድ ብቻ ነው። ጣሪያቸው ላይ መትረየስ የተጠመደባቸው መኪኖች፣ በግንብ በታጠረ ሜዳ ውስጥ እየተሳደዱ ይታኮሳሉ፤ መጨረሻ የተረፈው ያሸንፋል።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጦርነት ጨዋታ ነው" አለችው ጸደንያ።

"ፍሬን አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው ይበቃኛል።"

የመቆጣጠሪያውን ገጽ ከፈተችና አንድ በአንድ ጠየቀችው። ነዳጅ መስጫውና ፍሬኑ በጣት ይሁን በእግር? ወጣቶቹ ሁሉ በጆይስቲክ፣ በጣታቸው ነው የሚነዱት፤ ይፈጥናል። እሱ ግን "በእግር ይሁን" አለ፤ "ሁለቱም በቀኝ እግር፣ እንደ መኪናው።" ጨዋታው ክላክስ የለውም ስትለው ከልቡ አዘነ። ለመተኮሻው ሌላ ቦታ ስላጣች ጸደንያ መሪው መሃል ላይ አደረገችው።

ጥፋቱ ከዚህ ጀመረ። በሞጣ መንገድ የሠራ ሹፌር ኩርባ ሲደርስ ክላክስ ሳያደርግ አያልፍም። አብዱልሐኪም የግንቡ ጥግ በደረሰ ቁጥር የመሪውን መሃል ይመታል፤ መትረየሱ ይንጣጣል፤ ጥይቱ ባዶ ግንብ ላይ ያልቃል፤ ጠላቶቹም ያለበትን አውቀው ይከቡታል።

"ጋሼ አብዱ፣ ማንን ነው የሚተኩሱት?" ይለዋል የባጃጅ ሹፌሩ ዘመነ ከኳሱ ዘወር ብሎ።

"ማንንም። መምጣቴን እየነገርኳቸው ነው።"

"ሰምተዋል፤ ይኸው መጡልዎ! ደግሞ ሊገድልዎ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣሉ እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ማሸነፉ ግን ጉዳዩ አልነበረም። ግንቡ ላይ ቀይ በር አለ። በሙሉ ፍጥነት ወደ በሩ ይነዳና ሳይነካው ለማቆም ይሞክራል። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ጸደንያ አጠገቡ ሆና ትቆጥርለታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ሦስት ጊዜ አቆመ። በሁለተኛው ወር ስድስት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል፤ እግሩ የትኛው ፔዳል ላይ እንዳለ አይነግረውም። ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት፤ ጎንበስ ሲል ግንቡ ይደርሳል። በግራ እግሩም ሞከረ። የሹፌር ግራ እግር ግን የለመደው ፍሪሲዮን ነው፤ ሲደነግጥ ሁለቱን ያምታታል።

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ያንን ግጭት እሰማ ነበር። እግሬን የስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ ሳሳርፍ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዘኝ "ተመስገን" ማለት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ለእሱም ጸለይኩ። ስድስቱ ግን ሰባት አልሆነም።

አረፋ ሳምንት ሲቀረው ዘመነ አዘነለት። "ጋሼ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ያሸንፉ" ብሎ ጆይስቲክ አስያዘው። ነዳጁም ፍሬኑም በጣት ሆነ። መጀመሪያ ግራ ገባው። በሦስተኛው ዙር ግን ከዘመነ አምልጦ፣ ግንቡን ታክኮ ዞረና ከኋላው መጥቶ አጋየው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

"ለካ ሹፌር ነዎት!" አለ ዘመነ።

አብዱልሐኪም ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ዓይኔ ደህና ነው። እጄም ደህና ነው" አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዕድሜውም፣ በጨዋታው እንግዳነትም ያመካኝ ነበር። አሁን ማመካኛ አጣ።

በአረፋ ማግስት ነጩ ሚኒባስ ጌም ቤቱ ደጅ ቆመ። ሐጂ ከሊፋ ወርደው ቁልፉን ዘረጉለት። ከኋላው ወንበር ላይ አንድ ወጣት ሹፌር ተቀምጧል፤ ምናልባት ብለው ይዘውት መጥተው ኖሯል።

"ይሞክሩት ጋሼ!" አለች ጸደንያ። "ከአሥር ስድስት እኮ ብዙ ነው። ዛሬ ከስድስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል። በአራቱ ቀን የሚሳፈሩትስ?"

ቁልፉን አልነካውም።

"ሐጂ፣ አላህ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳልገጭ አስነዳኝ፤ አልሐምዱሊላህ። መኪናውን ለሌላ ይስጡት።"

ሐጂ ከሊፋ "እንግዲህ ምን ትሠራለህ?" አሉት።

"አላውቅም።"

የተረፈውን በዓል ዘመዶቹ ዘንድ እንዲያሳልፍ ሞጣ ሊያደርሱት ጋቢና አስቀመጡት። እኔም ክር ልገዛ ከኋላ ተሳፈርኩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስንደርስ ወጣቱ ሹፌር ክላክስ ሳያደርግ ታጠፈ። የአብዱልሐኪም እጅ ወደ ፊት ተወርውሮ ባዶ አየር መታ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እግሩን አየ፤ ወለሉን ረግጦ እንደሆነ ለማወቅ።