ተቀባይ ያጣው የአያ ሰይድ ካሴት

ሰሞኑን ከሚሴ ውስጥ ጥበብ የማይገባው ሰው የጠፋ ይመስላል። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ የአያ ሰይድን አልበም ይልክልኛል። ከላይ የተሰነጠቀ ልብ አለ፣ ከታች ደግሞ «ዝምታው ገደለኝ» የሚል ጽሑፍ። ዝምታው! እኔ በዚያ ካሴት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አያ ሰይድ ዝምታ የሚባል ነገር ዘፍኖ አያውቅም። ይህን ለማስረዳት ግን ወደ ጨፋ ማሽላ መመለስ ግድ ይለኛል።

ልጅ እያለሁ፣ ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ወተት መቋጠር ሲጀምር፣ ቅዳሜና እሁድን ከከሚሴ ወጥቼ ጨፋ አጎቴ አሊ ዘንድ አሳልፍ ነበር። የረጠበው ጥቁር አፈር ሽታ፣ ከቦርከና ረግረግ የሚነሳው ሙቀት፣ ጥንቅሽ ስንልጥ ከንፈራችንን የሚቆርጠን ቅርፊት ዛሬም ከእኔ ጋር ናቸው። በየማሳው መሃል ከእንጨት የተሠራ ማማ ይቆማል። ማማው ላይ ወንጭፍና ጅራፍ የያዘ ሰው ማሽላውን ከግሪሳ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ግሪሳ ትንሽ ፀጥታ ካገኘ እንደ ደመና ነው የሚወርደው፤ ማሽላውን አራግፎ ለመነሳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ስለዚህ የጨፋ ሰው ፀጥታን የሚከለክልበት ዘዴ ነበረው። አንዱ ከማማው ላይ ግጥም ይጥልና መጨረሻው ላይ «ጂርታ?» ብሎ ይጣራል። በኦሮምኛ «አለህ ወይ?» ማለት ነው። የሚቀጥለው ማማ «ጂራ!»፣ አለሁ፣ ብሎ ይቀበለዋል፤ ከዚያም የራሱን ግጥም ወደ ማዶ ይወረውራል። ድምፁ ከማማ ማማ እየዘለለ እስከ ማታ ሸለቆውን ይዞረዋል። ዘፈንም ነው፣ ሥራም ነው፣ ወሬ መጠያየቂያም ነው። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች በዚያው ይሰማል።

ከአጎቴ ማሳ ቀጥሎ ያለው ማማ የአያ ሰይድ ነበር። ያኔ ጎልማሳ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ። ግጥሙን እዚያው ማማው ላይ ይፈጥረዋል፣ ተቀባዩም አጎቴ አሊ ነው። አንድ ቅዳሜ አጎቴን ወባ ጣለውና ማማው ላይ እኔ ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ መጣ፦

ማሽላው ነጭ ሆነ፣ ወፉ ወሬ ሰማ፣
ብቻዬን ነኝ ወይስ፣ ሰው አለ ከማማ?
ጂርታ?

እኔ አፌን ከፍቼ አዳመጥኩ። እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ ስለማላውቅ በደስታ ፈዝዤ ቀረሁ። በዚያች ቅጽበት ግሪሳው ከላዬ ወረደ፣ ማሽላው ተንኮሻኮሸ፣ እኔም ወንጭፉ የት እንደወደቀ ጠፋኝ። አያ ሰይድ ከማዶ ጮኸ፦ «ኢንቲ! አንቺ ልጅ! ደስ ካለሽ ተቀበዪኝ እንጂ! ዝም ካልሽ ወፉ ይወርዳል!» እንደገና «ጂርታ?» አለ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ጂራ!» አልኩ። ወፉ ተነሳ። እሱ ሲስቅ እኔ ማማ ድረስ ይሰማኝ ነበር። «ወላሂ፣ ቀጭን ናት፣ ግን ድምፅ ናት!» አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጭኗ ድምፅ ብሎ ይጠራኝ ጀመር። ዘፋኝን ማድነቅ ምን እንደሆነ የተማርኩት ያን ዕለት ነው፣ መምህሬም ግሪሳ ነው።

ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ አያ ሰይድ ከሚሴ ገብቶ ቴፕ ተውሶ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ዘፈኖቹን በካሴት ቀዳ። ረዳት የለው፣ አሳታሚ የለው፣ ክራሩን የሚመታውም እሱ ራሱ ነው። ግጥሙን ይዘፍናል፣ «ጂርታ?» ይላል፣ ከዚያ ለተቀባዩ ቦታ ይተዋል። ክራሩን ሳይቀር ያቆመዋል። ሌላ ዓይነት ዘፈን አለ ብሎ መች አስቦ! ካሴቱን ደሴ ወስዶ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ባለቤት አሰማው። ሰውየው ሁለት ዘፈን እንኳ ሳይጨርስ «መሃል መሃሉ ባዶ ነው፣ ቴፕህ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰለት። አያ ሰይድ «ኧረ አልተበላሸም፣ እዚያ ላይ ሰው ነው የሚገባው» ቢለው ሳቀበት። ደሴ ውስጥ ስንት ሰው ባለበት፣ አንድ ሰው የሚገባበትን ቦታ ለመረዳት ሰውየው ጆሮ አነሰው።

ከሚሴ ግን ገባት። መኪና መቆሚያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ካሴቱ ሲከፈት ማንም አያደምጥም ነበር፤ ሁሉም ይቀበላል። ሻይ የሚያማስለው ማንኪያውን አቁሞ «ጂራ!»፣ ረዳቱ በሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ «ጂራ!»፣ ከሰንበቴ ገበያ ፍየል ይዘው የሚመለሱት ነጋዴዎች «ጂራ!»። ኦሮምኛ አንድ ቃል የማታውቀው፣ ከሌላ አገር ተዛውራ የመጣችው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንኳ ሻይዋን እየጠጣች በቀጭኑ ትቀበል ነበር። እኛ ልጆቹ ከደጅ ሆነን፣ ካሴቱን በእስክሪብቶ ወደ ኋላ አጠንጥነን፣ እንደገና እናስከፍተዋለን። ካሴቱ በቴፑ ተበልቶ ድምፁ ሲጎተት እንኳ ቦታችንን አንስትም ነበር።

አሁን ደግሞ የእህቱ ልጅ ያንኑ ካሴት በኮምፒውተር አጽድቶ፣ ያለ ማንም ድጋፍ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ልጁ ይባረክ፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በአድናቂው ነው። አንዱ «የዝምታ ፈላስፋ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «በሁለት ስንኝ መካከል ያለውን የህልውና ባዶነት» አገኘሁት አለ። ባዶነት! የአጎቴ የአሊ ቦታ እኮ ነው! ባለፈው ጨፋ ስሄድ ማማ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ አየሁ። ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የአያ ሰይድን አልበም እያጣጣመ ነበር፤ ግሪሳው ከሥሩ ማሽላውን ይግጣል። ወፉም እንዲህ ያለ ጥበብ ወዳድ ጠባቂ ስላገኘ ተመችቶታል።

ይህ ሁሉ ሳያንስ የአልበም ምርቃት ተዘጋጀ። በአዳራሹ መድረክ ላይ ሶፋ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። አያ ሰይድን መሃል አስቀምጠውታል፤ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። መድረክ መሪው በዚያ የከሚሴ ሙቀት ስካርፍ ጠምጥሞ ላቡን እየጠረገ ስለ ዝምታ ውበት ተናገረ። ቀጥሎ ሌላው ተናገረ፣ ቀጥሎም ያንን ያመሰገነው ተናገረ። እኛ ወንበር ላይ ቀለጥን። በመጨረሻ «እስቲ ትንሽ ያሰሙን» ሲሉት አያ ሰይድ ክራሩን አቀፈ፣ ድምፁም በእርጅና ስንጥቁ መሃል ያው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

ማሽላው ነጭ ሆነ አለ። ሰው አለ ከማማ አለ። ጂርታ? አለና ክራሩን አቆመ።

አዳራሹ ፀጥ። ስልኩን ያላነሳ የለም፣ አፉን የከፈተ የለም። ባለ ስካርፉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። አያ ሰይድ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ ልክ ማማው ላይ እንደሚያደርገው። ጠበቀ። የደከመ ዓይኑ ከረድፍ ረድፍ ሄደ። ያ ሰው የሰው ድምፅ እየፈለገ ነበር፤ እነሱ ግን እየቀረጹት ነው። አላስቻለኝም፤ ከኋላ ተነስቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ጂራ!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አንዱ አስተናባሪ እየሮጠ መጥቶ «እትዬ፣ እባክዎ፣ እየቀረጽን ነው!» አለኝ። አያ ሰይድ ግን እንደዚያን ቀኑ ሳቀ። «ቀጭኗ ድምፅ! አለሽ እንዴ?» አለ፣ ቀጣዩንም ስንኝ ወደ እኔ አቅጣጫ ወረወረው። እኔም ቆሜ ተቀበልኩት። አስተናባሪው ክንዴን ይዞ ሊያስቀምጠኝ ሲታገል፣ እኔ አጎቴን አሊን አስቤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ ቪዲዮው ወጣ። የእኔን ድምፅ ቆርጠው አውጥተውታል፣ ለጥራት ሲሉ። አያ ሰይድ «ጂርታ?» ይላል፣ ንጹሕ ዝምታ ይከተላል፣ ከዚያ ሽማግሌው በድንገት ፊቱ በርቶ ፈገግ ይላል። ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩት፤ አንዱ «በራሱ ዝምታ ተደስቶ ፈገግ ያለበት ቅጽበት» ብሎታል፣ ሌሎቹም አጨብጭበውለታል። በልጅነቴ አንድ ሰው ማማ ላይ እንዲያ ፈገግ ቢል፣ ማን እንደመለሰለት የጨፋ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር።