በእርሳስ የተጻፈው

ኪኩኤ ኢሶቤ በናራ ከተማ፣ የጃፓንን አገርና ባህል ለማጥናት በተቋቋመ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ከሟቾች ቤት በስጦታ የሚመጡትን መጻሕፍት ማጽዳት ነው። አቧራውን በብሩሽ ታራግፋለች፣ የሻገተውን ታናፍሳለች፣ በእርሳስ የተጫረውን ሁሉ ወረቀቱ ሳይሻክር በላጲስ ታጠፋለች። አለቃዋ አቶ ሆዙሚ፣ «ኪኩኤ እጅ የገባ መጽሐፍ የደራሲው ስም ከተረፈለት ዕድለኛ ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ግን በእጇ ትኮራ ነበር።

በዝናቡ ወር አንድ ማለዳ፣ ቶኩ ሚያዛዋ የሚባሉ አሮጊት ከናጋኖ ተራሮች በባቡር መጡ። ባላቸው የገጠር አስተማሪ ነበሩ። መንደራቸውን የግድብ ውኃ ከዋጠው ወዲህ፣ የመንደሩን ሰው አነጋገር በአንድ መዝገበ ቃላት የገጾች ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሲጽፉ ኖረው ሞቱ። መጽሐፉን ለዚህ ቤት የሰጡት ራሳቸው ቶኩ ናቸው።

«ልወስደው አልመጣሁም ልጄ። ቃሉ ከአፌ እየጠፋብኝ ነው፤ በዚያ አነጋገር የሚያወራኝ ሰውም አልቀረም። ትንሽ አንብቤ ልመለስ ብዬ ነው።»

ኪኩኤ የመጽሐፉን ቁጥር ከመዝገቡ ስታይ ክው አለች። ታስታውሰዋለች። ባለፈው የበረዶ ወራት የእርሳሱን ጽሑፍ አጥፍታ ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባታል። መጽሐፉ የት እንደገባ አልታወቀም ብትል ማን ያውቅባታል? ወደ መደርደሪያው ስትሄድም ስትመለስም ይህንኑ አሰበች። ከዚያ አምጥታ ከፊታቸው አኖረችው።

አሮጊቷ ገለጡ። ደግመው ገለጡ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

«የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው ያመጣሽልኝ።»

«የእርስዎው ነው፣ እማማ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእርሳስ የተጻፈ ሁሉ ይጥፋ ነው የሚሉን።»

ኪኩኤ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃኑ አንጻር አጋደመችው፤ እርሳሱ የሄደበት ዱካ ቀርቶ እንደሆን ብላ። ገጹን በጣቷ ዳበሰች። ቀጥላ ሌላውን፣ ሌላውንም። ሁሉም ልሙጥ ነው።

«አታገኚውም» አሉ ቶኩ ከኋላዋ። «እሱ ሲጽፍ ጫን አይልም። መጽሐፉን ያመዋል ይል ነበር።»

ኪኩኤ ተመልሳ ተቀመጠችና ባዶ ወረቀት ሳበች።

«እስቲ ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ። ያስታወሱትን ያህል።»

«ምን ዋጋ አለው?»

«እባክዎ።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ላዩ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ውኃ የሚሄድበት አለ። ሰው ረግጦት የሚሰምጥበት። ያንን በእኛ አነጋገር…»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ኪኩኤ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አስጠግታ ጠበቀች።

«ቃሉን እሱ ነበር የሚያውቀው» አሉ ቶኩ።