አሥራ አንድ ቁጥር

ካዛንችስ ልጄ ቤት ተቀምጬ የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ካርድ ሲጫወቱ፣ የአዲሱ ካርድ ወረቀት ሽታ ድሮ ከማስቲካ የምናወጣውን የኳስ ተጫዋቾች ሥዕል አስታወሰኝ። እኛም ለሦስት እንጫወትበት ነበር። ትልቅ የማሊያ ቁጥር ያወጣ ይበላል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ግን ቁጥራቸውን ደምረው ሦስተኛውን ይበሉታል። እኔ የምሳሳለት አሥራ አንድ ቁጥር ነበረኝ። በረንዳቸው ላይ የምንጫወትባቸው ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ በየነ፣ «አንተ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ እነሱ ይባሉ» አሉኝ። አላስቻለኝም፣ አወጣሁት። ጓደኞቼ ተጠቃቀሱና ሰባትና አምስት አውጥተው፣ «በላንህ!» ብለው ወሰዱት።

የልጅ ልጄ ትልቁን ካርዱን ሊያወጣ ሲል ይህንኑ የጋሽ በየነን ምክር ነገርኩት። ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ «እሺ አባባ፣ ታዲያ መቼ ልጫወትበት?» አለኝ።

እኔ ጋሽ በየነን ይህን አልጠየቅኳቸውም ነበር።