ሰም ያልጠጣው ጆሮ

እታለማሁ ሰው በስም አትጠራም ነበር። ዳንግላ ገበያ ጥጥ ስትገዛ ሻጩን የምታናግረው አጠገቡ ደርሳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። የጎረቤት ልጅ ወደ መኪና መንገድ ሲሮጥ ብታይ እንኳ ደርሳ ክንዱን ትይዘዋለች እንጂ አትጮህም። ሰዉ ኩሩ ናት ይላል፤ አንዳንዱም ምላሷ የተሳሰረ ይመስለዋል። ፈትሏን ግን የሚያማ የለም። ከእሷ እንዝርት የወረደውን ድርና ማግ ሸማኔው አገላብጦ ሳያይ ነው የሚወስደው።

የታኅሣሥ ግርግር ባለፈ በዓመቱ ራዲዮ ጠጋኙ ሸዕባን ሚስቱን ሐቢባን ላከባት። ሐቢባ የቆየች ደንበኛዋ ናት። ባሌ አብዷል፣ አለቻት እየሳቀች፤ ጭኑ ላይ ሣንቃ አጋድሞ ሊጫወት ነው፣ ደግሞ ያላንቺ እጅ አይሆንልኝም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዕባን በወጣትነቱ አስመራ ጋራዥ ሲሠራ አንድ ፈረንጅ ወታደር ጊታር ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ክሩን በጣቱ በመጫን ፈንታ የብረት ዘንግ እያንሸራተተበት ሲጫወት ሰምቷል። እንደ ሰው ያለቅሳል ይላል ሸዕባን፣ ስለ ድምፁ ሲያወራ። ያ ልቅሶ ከጆሮው አልወጣለት ብሎ ዓመታት ኖረ። በመጨረሻ ዋንዛ ጠርቦ፣ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ የፈታውን ሽቦ ወጥሮበት የራሱን ሠራ። የቀረው "ጆሮው" ብቻ ነበር። ጆሮ የሚለው ከክሮቹ ሥር የሚቀመጠውን ማግኔት ነው። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠመጠምበትና የብረት ክሩን ንዝረት እየሰማ ለራዲዮው ድምፅ ማጉያ ያቀብላል። ሽቦውን ከተቃጠለ ራዲዮ አግኝቶታል። ጣቱ ግን ብሎን የለመደ ስለሆነ በጠመጠመ ቁጥር ይበጥሰዋል።

እታለማሁ መጣች። ሸዕባን የእጅ መሰርሰሪያውን እያዞረ፣ እሷ ሽቦውን እንደ ባዘቶ በሁለት ጣቷ መሃል እያሳለፈች ዋሉ። አንድም ጊዜ አልተበጠሰም። እጇ ግን የጥጥ እጅ ነውና ለቀቅ አድርጋ ነው የጠመጠመችው፤ ጣጣውን ያመጣውም እሱ ነው።

ሸዕባን ጆሮውን ሣንቃው ላይ አስሮ ከራዲዮው፣ ራዲዮውንም ከመኪና ባትሪ ጋር ሲያገናኘው ማጉያው እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኸ። ቀነስ አደረገው። እታለማሁ ጥፋቱ የእሷ መስሏት ሣንቃው ላይ ጎንበስ አለችና፣ "እዚህ ጋ ላልቷል መሰለኝ" አለች።

ከራዲዮው ሳጥን ውስጥ ማናለብሽ፣ "እዚህ ጋ ላልቷል መሰለኝ" አለች።

ማናለብሽ እህቷ ናት። ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

እታለማሁ ግድግዳው እስኪይዛት ወደ ኋላ ሸሸች። ሸዕባን እሷን አላያትም፤ በጆሮው ተናዶ ነበር። ደኅና ጆሮ ብረት ብቻ ነው የሚሰማው፣ አለ። ይኼኛው በሽቦዎቹ መሃል አየር ስለቀረበት የሰው አፍ ሲከፈት አብሮ ይንቀጠቀጣል። የቀለጠ ሰም ውስጥ ቢነከር ዝም ይላል። እታለማሁ የማን ድምፅ እንደሆነ ጠየቀችው።

"የማን ይሆናል? ያንቺ ነዋ" አለ።

ሐቢባም ቁርጥ አንቺን ነው አለች። እታለማሁ አላመነቻቸውም። ራሷን እኮ ስትናገር ትሰማዋለች፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ይኼ ቀጭን። ሸዕባን ሳቀ። እሱም አስመራ ድምፁን በመቅጃ ቀድተው ሲያሰሙት እንዲህ የሚያወራው ማን የሚሉት ለፍላፊ ነው ብሎ ሰውዬውን ጠልቶት ነበር። ሰው ራሱን የሚሰማው ከውስጥ ነው፣ ሌላው ግን ከውጭ፤ ሁለቱ አይገጥሙም፣ አላት። እሷ የሰማችው ግን ማናለብሽን ነው። ሰም እንዳትነክርብኝ ብላ ለመነችው። እያጉረመረመ እስከ ቅዳሜ ሰጣት።

አሁን የዘንገና ሐይቁን ነገር ማንሳት ግድ ነው። እህትማማቾቹ የተወለዱት ከሐይቁ አፋፍ ነው። እታለማሁ እንጅባራ ገበያ ውላ የዘገየች ዕለት ጉሙ ቀድሞ ወረደ፤ ማናለብሽ እህቷን ፍለጋ አፋፉ ላይ ቆማ "የት ነሽ?" ብላ ተጣራች። ከታች፣ ከውኃው በኩል፣ "የት ነሽ?" የሚል ድምፅ መለሰላት። ቀፎውን አይቶ የሚመለሰው ጎረቤታቸው አድማሴ የገደል ማሚቶ ነው፣ ግቢ ቢላት፣ የገደል ማሚቶማ የኔን ድምፅ ነው የሚመልሰው፣ ይኼ የእታለማሁ ነው ብላ ቁልቁል ወረደች። ሬሳዋን በማግስቱ አወጡት።

ከዚያ ወዲያ አገሩ በሙሉ አንድ ነገር አወራ። ሐይቁ የእታለማሁን ድምፅ ሰርቆ እህቷን ጠራበት ተባለ። እናታቸው ደጊቱ ተዝካሩ እንዳለቀ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ድምፅሽን አታሰሚኝ አለቻት። እታለማሁ ዳንግላ ገባች። ለዓመት በዓል ጨውና ጥጥ ይዛ ትሄዳለች፣ የአጥሩን በር በድንጋይ ታንኳኳለች፣ ገብታ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ዝም ብላ ትመለሳለች። ራሷም ቢሆን ወሬውን አምናለች። በጉሮሮዋ ገዳይ ተሸክማ የምትዞር ሴት ነበረች።

እስከ ቅዳሜ በየማለዳው ሱቁ ሳይከፈት ትመጣ ጀመር። ሐቢባ በጓሮ ታስገባታለች። ሣንቃው ላይ ጎንበስ ብላ በአገውኛ፣ የልጅነታቸውን ወሬ ታወራለች፤ ሳጥኑ በማናለብሽ ድምፅ ያወራላታል። መጀመሪያ ደስታ ነበር፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እየቆየ ግን ፈራች። ያቺ ልጅ ከእሷ አፍ የወጣውን እንጂ አንዲት የራሷ ቃል የላትም።

ዓርብ ዕለት የምትለው ሲያልቅባት፣ ሳታስበው፣ "የት ነሽ?" አለች።

"የት ነሽ?" አለ ሳጥኑ።

እታለማሁ ቁጭ አለች። እሷ የራሷን ድምፅ በሳጥን ብትሰማ የእህቷ መሰላት። ማናለብሽስ የራሷን ከገደል ብትሰማ የማን ይመስላት ነበር? ከታች የጠራት የለም። የተሰረቀም ድምፅ የለም። ያቺ ልጅ በጉም ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ራሷን እያባበለች ነው የወረደችው። እታለማሁ ነጻ መውጣቷ የገባት ቆይቶ ነው፤ የመጣባት የእህቷ ብቸኝነት ነበር፣ በቀብሯ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰችላት።

ቅዳሜ ሰሙን ራሷ ገዝታ መጣች። ሸዕባን አቅልጦ ጆሮውን ሲነክረው አየሩ በትንንሽ አረፋ እየወጣ አለቀ። ሲደርቅ መልሶ አሰረው፣ ብረቱን ክሩ ላይ አንሸራተተ፤ ሣንቃው እሱ እንዳለው አለቀሰ። እታለማሁ ጎንበስ ብላ አንድ ቃል አለችበት። ምንም አልመለሰላትም። ሸዕባንን መርቃው ወጣችና ወደ እንጅባራ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈረች።

ለእናቷ የምትነግራትን መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ ሄደች፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ማሚቶው፣ ሸዕባን ስላላት ሁሉ። አጥሩ ጋ ስትደርስ ድንጋይ አላነሳችም።

"እማ!" ብላ ተጣራች።

ቤት ውስጥ ይሰማ የነበረው የወፍጮ ድምፅ ቆመ። ዓይኗ የፈዘዘው ደጊቱ ግድግዳውን እየዳሰሰች ብቅ አለች።

"ማናለብሽ?" አለች።

እታለማሁ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

"እኔ ነኝ እማ፣ እታለማሁ።"

"አውቃለሁ" አለች አሮጊቷ። "እሷ መሞቷ መች ጠፍቶኝ። አንቺ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች። ዝም በይ ያልኩሽ ስለዚህ ነው እንጂ የሰዉን ወሬስ አምኜው አላውቅም።"

ያን ሁሉ ዓመት በመካከላቸው የተቀመጠው ዝምታ ጥላቻ አልነበረም። እታለማሁ ይህን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ፈልጋ ያዘችው።

"በይ ተናገሪ" አለቻት። "አሁን አርጅቻለሁ፣ እችለዋለሁ።"

ምን ልበል ብትላት ምንም ይሁን አለች፣ የገበያውንም ቢሆን። እታለማሁ ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ዘንድሮ ስለ ዘገየው ዝናብ፣ ስለ ሐቢባ ልጆች ማውራት ጀመረች። ደጊቱ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች፤ ፊቷን ግን ከአጠገቧ ካለችው ልጅ መልሳ ወደ ሐይቁ አዞረችው፣ የምታዳምጠውም በዚያ በኩል ነበር። እታለማሁ አየች። ወሬዋን አላቋረጠችም።