እንጦጦ ላይ የሚያንኳኳው ሃርድ ዲስክ

አሳየች የምትኖረው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሳስቶ ሰማዩ በሚሰፋበት ጫፍ ላይ ነው። እሑድ እሑድ የምትጸልየው ሲ.ኤም.ሲ ካለው ጸሎት ቤቷ ስለሆነ እህቶቿ «ምን አንከራተተሽ? እዚያው ወርደሽ አትከራይም?» እያሉ ይወተውቷታል። እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። የምትፈልገው ጸጥታ ታች የለም።

ሥራዋ ማንበብ ነው። የካ ውስጥ አማርኛ ታስተምር በነበረ ጊዜ ሲፈን የምትባል ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረቻት። ሲፈን ከፊት ወንበር ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ ትይዛለች፤ የምታጠናበት መጽሐፍ ግን የላትም። አሳየች አንድ ምዕራፍ በስልኳ ቀድታ ሰጠቻት። ያ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ከከተማ ወጣ፣ «ሌላውስ?» የሚሉ ደዋዮች በዙ። ማስተማሩን ከተወች ወዲህ ሙሉ መጽሐፍ ታነባለች፤ ታሪክ፣ ባዮሎጂ፣ አሁን ደግሞ ሲፈን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረውን ሕግ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የሰቀለችበት ትንሽ ክፍል አላት። ቅዳሴው መቼ በድምፅ ማጉያ እንደሚሰማ፣ ሯጮቹ መቼ በደጇ እንደሚያልፉ ለይታ ታውቃለች። ዛፎቹ ሲያፏጩ ማይኩን ትዘጋለች፤ ሲተዉላት ትቀጥላለች።

ላፕቶፑ ሲሞላባት መገናኛ ወርዳ ከሸሪፍ ሱቅ መዳፍ የሚያህል ሃርድ ዲስክ ገዛች። ሸሪፍ ረጋ ያለ፣ ወፍራም፣ ለደንበኛ የማይሰለች ሰው ነው። ያነበበችውን ሁሉ ወደ ዲስኩ ገለበጠላትና ላፕቶፑን ባዶ አደረገላት።

በማግስቱ ዲስኩን ሰክታ፣ ማይኩን ከፍታ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳነበበች፣ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ የሚል ነገር ሰማች። ግንደ ቆርቁር መስሏት በመስኮት አየች። ወፍ የለም። ሄድፎኗን አውልቃ ጆሮዋን ብታስጠጋ የሚያንኳኳው ዲስኩ ነው። እጇን ጣል ስታደርግበት ከውስጥ መታ መታ አደረጋት። ያን ጊዜ ፋይሎቹ ከስክሪኑ ላይ ጠፉ። ነቅላ ስትሰካው ተመለሱ፣ ደግሞ ጠፉ። የስንት ጊዜ ንባቧ እዚያ ውስጥ ነው።

የቀዳችውን ቁራጭ ለሲፈን ብትልክላት ከአያት ሰፈር ደወለች።

«ቲቸር፣ ሰው በር እያንኳኳ ነው እንዴ ያነበቡት?»

አሳየች ዲስኩን በሻርፕ ጠቅልላ መገናኛ ወረደች። ሸሪፍ ሰካው። ዝም። ፋይሉን ቢከፍተው የራሷ ድምፅ ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ጥርት ብሎ አነበበ።

«ጤነኛ ነው እኮ እትዬ አሳየች» አላት።

«እኔ ቤት ግን ይጮሃል፣ ልጄ።»

«ኬብሉ ይሆናላ። ይኸው ሌላ።»

ኬብሉን ይዛ ወጣች። ቤቷ ገብታ ሰካችው። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ።

በሁለተኛው ጊዜ ጩኸቱን በስልኳ ቀድታ ነበር የወረደችው። ሸሪፍ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ። «ይኼማ የሞተ ዲስክ ነው!» አለና ነጥቋት ሰካው። አሁንም ዝም። ሁለቱም ዲስኩን ትክ ብለው አዩት። ከጎን ስልክ የሚጠግነው ከበበ አንገቱን አስግጎ፣ «ጠበሉ እኮ ደጅዎ ነው፤ ወስደው ያስጠምቁታ!» ብሎ ሳቀ። ሸሪፍ አልሳቀም።

«ልቀይርልዎት ዝግጁ ነኝ» አላት። «ያመጣልኝ ነጋዴ ግን ሰክቶ ሲያየው ‹ደህናውን ነው የመለስክልኝ› ይለኛል። መጀመሪያ ንባብዎን እኔ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጠው። ቀጥሎ ግን፣ ወላሂ፣ መጥቼ በጆሮዬ መስማት አለብኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ለከበበ አደራ ብሎ አብሯት ወጣ። ታክሲው ካደረሳቸው በኋላ ያለው ዳገት በእግር ነው። አሳየች እያወራች ትወጣለች፤ ሸሪፍ መልስ መስጠት አቃተው። መሃል ላይ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆመና እንደ ወናፍ ይተነፍስ ጀመር። በዚያው ቅጽበት ሯጮች ተንጋግተው ሽቅብ አለፏቸው።

«እነዚህስ… ምን ሆነው ነው… እዚህ የሚሮጡት?»

«አየሩ ስስ ነዋ! እዚህ የለመደ ሳንባ ታች ሲወርድ ማን ይችለዋል? አይዞህ፣ ቤቱ ያውና።»

ውኃ አጠጣችውና ወደ ክፍሏ አስገባችው። ዲስኩን ራሱ ሰካው። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። ከቦርሳው የራሱን ላፕቶፕ አውጥቶ እሱ ላይ ሰካው። ያው ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ክፍሉ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ሁለት ነገር ብቻ ይሰማል፤ የዲስኩ መንኳኳትና የሸሪፍ ቁና ቁና መተንፈስ። ሸሪፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደቆየ ዓይኑ ፈጠጠ።

«አየር!» አለ። «ሱብሓነላህ… እትዬ፣ እሱም እንደኔ አየር አጥሮት ነው!»

አሳየች የቀለደ መሰላት።

«ይስሙኝ። ውስጡ መስታወት የመሰለ ክብ ሳህን አለ፤ ሲሠራ እንደ ጉድ ይሽከረከራል። ንባብዎ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። እሱን የምታነበው ደግሞ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነገር ናት። ሳህኑን ግን አትነካውም፤ ከነካችው ትፍቀዋለች። ሳህኑ ሲዞር አየሩን ይዞ ይዞራል፣ እሷ እዚያ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። በመሃላቸው ያለው ክፍተት፣ የራስ ጠጉር እንኳ ቢገባ እንደ ግንድ ነው የሚሆንባት።»

«በአየር ላይ?»

«በዚሁ እኛ በምንተነፍሰው። ሌላው ዲስክ እዚህ ድረስ ይችለው ይሆናል፤ ይኼኛው ከፋብሪካው ደካማ ሆኖ ወጥቷል። መገናኛ አየሩ ይሸከማታል። እዚህ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ክንፏ ይዝላል፤ ልትወድቅ ስትል ፈርታ ትሸሻለች፣ ደግሞ ትሞክራለች። የሚንኳኳው እሱ ነው።»

አሳየች አፏን በእጇ ያዘች። የምትተነፍሰውን አየር አስባው አታውቅም ነበር። ማይኩን ስትከፍት የምትፈራው፣ ዛፉን እያወዛወዘ የሚረብሻት እሱ ነው፤ ያው አየር ከዚያች ጥቁር ሣጥን ውስጥ ገብቶ የእሷን ቃል ተሸክሞ ኖሯል?

«ታች ወርደን እንየው» አለች፤ ነጠላዋን እንኳ በወጉ አልለበሰችም።

ቁልቁለቱን እየተቻኮሉ ወረዱ። ታክሲ ይዘው ከተማው ድረስ ወረዱና፣ አስፋልቱ ዳር ካለ ድንጋይ አግዳሚ ላይ ላፕቶፑን ከፈቱ። ሸሪፍ ሰካው። ዝም አለ። አንድም ቀጭታ የለም። ፋይሉን ሲከፍተው የእሷ ድምፅ ያንኑ ስለ ልብ የሚያወራውን ገጽ ያነብ ጀመር። መንገደኛው ዞር እያለ ያያቸዋል። አሳየች እንባዋ መጣ። «ጌታ ሆይ!» ብቻ አለች። ሸሪፍም ወደ መጡበት ተራራ ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ነጋዴው በስልክ ሲነገረው መጀመሪያ ስቆ ነበር። ሸሪፍ ግን አልለቀቀውም፤ «ጫማህን አጥብቀህ ና፣ እኔው ተራራው ላይ አወጣሃለሁ» ሲለው ዲስኩን መልሶ ለመውሰድ ተስማማ። አሳየች በምትኩ ከብስኩት የማይበልጥ ሌላ ዓይነት ማስቀመጫ ተሰጣት። ሸሪፍ ግን እንዲሁ ሊሸኛት አልፈለገም። ከጠረጴዛው ሥር አንድ የሞተ ዲስክ አውጥቶ ክዳኑን ፈታላት።

ሳህኑ ያብረቀርቃል። ፊቷን አየችበት፤ የትንፋሿ እንፋሎት ጉም ሆኖ አረፈበት። ያቺን የምታነበውን ብጣሽ በጣቱ ጫፍ ሲያሳያት፣ መነጽሯን አድርጋም በቅጡ አልታየቻትም።

«ይኼ አዲሱስ በምን ይንሳፈፋል?» ብላ ጠየቀችው።

«አይንሳፈፍም። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ላፕቶፕዎ ውስጥ ያለውም እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ድምፄን ማን ነው የሚይዘው?»

«እሱን ኮሌጅ ነግረውን ነበር» አለ ሸሪፍ እየሳቀ። «ያኔም አልገባኝ፤ ፈተናውን ብቻ አለፍኩት።»

ማታ ለሲፈን ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ሲፈን እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ «ቲቸር፣ ይኼ አዲሱ ድምፅዎን እንዴት እንደሚያስቀምጠው የተጻፈ ነገር የለም? ካለ ያንብቡልኝ፤ ሕጉ ይቆየኝ» አለቻት።

ሸሪፍ የኮሌጅ መጽሐፉን ከእናቱ ቤት አስፈልጎ ላከላት። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ አንዱን አንቀጽ ለራሷ ደጋግማ አንብባ፣ የገባትን በአማርኛ ታስረዳለች። አንዳንዴ መሃል ላይ ታቆማለች። ማይኩ ክፍት እንደሆነ፣ «ሲፈን፣ ይኼን ስሚማ!» የሚል ድምፅ ቅጂው ውስጥ ይገባል። አትቆርጠውም።