ሚስቴ የተጠየቀችው ለሒሳብ መምህር ነበር

ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ደሞዜን ይጠይቃል። ውጫሌ ባጃጅ ውስጥም፣ ሐይቅ ዓሣ ቤት ውስጥም ያው ነው። «ለክራርም መንግሥት ይከፍላል እንዴ?» ይሉኛል። ይከፍላል አቦ! ትንሽ ነው እንጂ ይከፍላል። አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ እየኖርኩ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ለዚህ ያደረሰኝ ግን ደሞዜ አይደለም፤ አማቴ ናቸው። እሳቸውን ሳላመሰግን የምተኛበት ቀን የለም።

ገና ሥራ እንደያዝኩ የሐይቅ ከተማ ልጅ ወደድኩ፤ እሷም ወደደችኝ። አባቷ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ቀልድ የማያውቁ። በእኛ አገር ሚስት ፈላጊ ራሱ ሄዶ አይጠይቅም። ሽማግሌ ይልካል፤ ስለ እሱም የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔም ውጫሌ እህል የሚነግደውን አጎቴን ሁለት ሰዎች ጨምሬ ላክሁ።

አጎቴ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «አብሽር፣ ቀጠሮ ሰጥተውናል!» አለኝ። ቀጠሮ ሰጡ ማለት እምቢ አላሉም ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

«ምን ያስተምራል አላሉም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ብለዋል። ሒሳብ አልኳቸው።»

«ምን?»

«ሒሳብ ነዋ! ዘፈን ያስተምራል ብዬ ገና ሳልቀመጥ ልባረር? ሒሳብ ቢያንስ ደሞዝ ያለው ይመስላል።»

ደሜ ፈላ። «አያ፣ እኔና የኮሌጃችን የሒሳብ መምህር እኮ ደረጃችን አንድ ነው፤ ደሞዛችንም አንድ ነው! እሱም እንደኔው ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ ይነጥፋል!»

«እሱን እነሱ በምን ያውቃሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። ተመልሰህ አስተካክል ብዬ ብለምነው፣ ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም፣ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ልጅቱ ወሬው ደርሷት ደወለችልኝ። «ሒሳብ አስተማሪ ብፈልግ መች አጣሁ?» አለችኝ በንዴት። «አባቴ በውሸት የገባን ሰው ይቅር አይልም። ኋላ ከሰው አፍ ከሚሰማ አሁኑኑ እምቢ ይበለኝ።» እውነቷን ነው። ብናገርም ላጣት ነው፣ ዝም ብልም ላጣት ነው። ተናግሬ ባጣት ይሻላል አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቅ ሄድኩ። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሽማግሌ የላከ ሰው የልጅቱን አባት ፊት ለፊት አያገኝም። ሽንኩርት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ።

«አባባ፣ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። የማስተምረው ሒሳብ አይደለም፤ ሙዚቃ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዘፋኝ ነህ?»

«ዘፋኝ ብሆንማ ይሻለኝ ነበር! ያስተማርኳቸው ልጆች አንድ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ዘፍነው የወር ደሞዜን ይዘው ይገባሉ። የእኔ ድምፅ ለሠርግ አይሆንም። ቅኝት ማስተማር ግን እችላለሁ።»

«ደሞዙ ስንት ነው?» ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። «ወደፊትስ ያድጋል?»

«ሁለተኛ ዲግሪ ስይዝ ትንሽ ይጨመራል። ከዚያ በላይ ረዳት ፕሮፌሰር የሚባል ማዕረግ አለ፤ አዲስ አበባ ሄዶ መማር፣ ጥናት ማሳተም ይፈልጋል። እደርሳለሁ ብዬ አልምልልዎትም።»

«ታዲያ ለምን አትተወውም?»

«እወደዋለሁ» አልኩ።

«ሂድ። ሽማግሌዎችህ በቀጠሯቸው ይምጡ» አሉኝና ወደ ሽንኩርታቸው ዞሩ። እሺ ይሁን እምቢ፣ ፊታቸው ምንም አይናገርም።

ቀጠሮው እስኪደርስ እህል አልወርድልህ አለኝ። ክፍል ገብቼ «ዛሬ የባቲን ቅኝት ነው የምንማረው» ብዬ ክራሩን በትዝታ ቃኝቼ ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ለአጎቴ መሄዴን አልነገርኩትም፤ ቢሰማ በዱላ ነበር የሚያባርረኝ።

በቀጠሮው ቀን ሐይቅ መናኸሪያ ቆሜ ሽማግሌዎቼን ጠበቅኋቸው። አጎቴ ከሩቅ እያጉረመረመ መጣ። «አዋርደኸኛል!» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። የሆነውን የነገረኝ እንባውን በጋቢው እየጠረገ ነው።

እሱ ተነሥቶ «ያ የሒሳብ መምህር ልጃችን...» ብሎ ሲጀምር፣ አማቴ በእጃቸው አስቆሙት።

«የሒሳቡን መምህር አላውቀውም» አሉ። «እኔ ዘንድ የመጣው የሙዚቃው ነው። እናንተ አለው አላችሁኝ፤ እሱ ራሱ የለኝም አለኝ። ልጄ የተቸገረች ቀን ሳይደብቅ የሚነግረኝ እሱ ነው። ለእሱ ሰጥቻለሁ፤ ዱአ አድርጉ።»